ገበሩን ገልብጦ ማየት

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ኮምፒውተር የሚባል ነገር ቤታችን የገባው በባለቤቴና በልጃችን በኩል ነው፤ እኔ ስልኬን እንኳ ለመደወል ብቻ ነው የማውቀው። ስለዚህ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራምን አመሰግናለሁ ብዬ ስነሳ የሚያውቁኝ ሰዎች ቢስቁብኝ አልፈርድባቸውም። ይሳቁ። እኔ ግን ፕሮግራሙንም፣ አጥፊውንም፣ መላሹንም አመሰግናለሁ። አጥፊውን ለማመስገን ትንሽ ጊዜ እንደወሰደብኝ አልደብቅም።

ባለቤቴ የውሃ ተመራማሪ ናት። በአንዳንድ አካባቢ ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ለዓይን ኩልል ያለ ነው፤ እሱን ጠጥተው ያደጉ ልጆች ግን ጥርሳቸው ይበልዛል፣ ሲያረጁ ደግሞ አጥንታቸው ይጎብጣል። ውሃው ውስጥ ፍሎራይድ የሚሉት ነገር ስለሚበዛ ነው። እሷና ባልደረቦቿ ይህን ነገር የሚያስቀር፣ ማንም ሰው ጓዳው ውስጥ ሊያቆመው የሚችል ማጣሪያ ለመሥራት ለዓመታት ሲለፉ ኖረዋል።

የሳይንስ ሰው ሥራ ግማሹ ማንበብ መሆኑን ያወቅሁት እሷን ካገባሁ በኋላ ነው። ስለ አንድ ጠብታ ውሃ ስንት ሰው እንደሚጽፍ ብታዩ ትገረማላችሁ። ባለቤቴ ኢንተርኔት ላይ ጽሑፍ ስታገኝ አንድ ቁልፍ ትጫናለች፤ ፕሮግራሙ ጽሑፉን፣ የጸሐፊዎቹን ስም፣ የት መቼ እንደወጣ ለቃቅሞ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጥላታል። መደርደሪያ የሚሉት ራሳቸው ናቸው እንጂ እንጨትም ምስማርም የለውም። ከዚያ በየጽሑፉ ላይ መለያ ትለጥፋለች፤ ከጎኑ ደግሞ ያሰበችውን ሁሉ ትጽፋለች። ላቦራቶሪው ውስጥ ያሉት በሙሉ ከየኮምፒውተራቸው ያንኑ መደርደሪያ ያያሉ። አንዱ ያመጣውን ሌላው ያነባል።

ከላቦራቶሪው ውጭ ላለ ሰውም ክፍት ያደረገችው እሷ ናት። ያኔ ባልደረቦቿ አኩርፈው ነበር። «ሐሳባችንን ይሰርቁናል» አሏት። «ውሃ የሚጠጣ ሁሉ ያንብበው» ብላ ነገሩን ዘጋችው። ባለቤቴ አንዴ ነገር ከዘጋች ቁልፉ የትም አይገኝም፤ እኔም ሞክሬ አይቼዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ራስ ምታት ጀመራት። ሐኪሞቹ ጭንቅላቷ ውስጥ እብጠት አገኙና አወጡላት። እሱ ፈጣሪ ይመስገን፣ ተረፈች። ስትነቃ እኔን አወቀችኝ፤ ሸሚዜን አይታ «ያንተ አዝራር መቼም አይገጥም፤ የሰው ልብስ ስትሰፋ የራስህን ትረሳለህ» አለችኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ልጃችንን ግን ቀና ብላ አየቻትና «መቼ ነው እንዲህ የረዘምሽው?» አለቻት። ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

የልጅነቷን፣ የትምህርት ቤቷን፣ የኬሚስትሪውን ነገር ጥርት አድርጋ ታውቃለች። የቅርቦቹ ዓመታት ናቸው ብል እንደበላው ጨርቅ እዚህም እዚያም የተበሱት። ማጣሪያው ደግሞ ያለው እነዚያ ዓመታት ውስጥ ነው።

ሲሻላት የላቦራቶሪው ኃላፊ ሊጠይቃት ቤት መጣ። ጥሩ ሰው ነው፤ ሲናገር ግን ሁልጊዜ ከረባት የታሰረለት ይመስላል። «ዶክተር፣ ቦታዎ የእርስዎ ነው» አላት። «ነገር ግን የወሩ መጨረሻ ላይ ስብሰባ አለ። ሥራውን ቆመው ካስረዱ ማጣሪያውን እርስዎ ይመሩታል። ካልሆነ ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን፣ እርስዎ ደግሞ በምክር ይረዱናል።»

በምክር መርዳት ማለት ጥግ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ መረሳት መሆኑን እኔም እሷም አላጣነውም። ደረጃውን ወርዶ ሲሄድ፣ «ያሰብኩትን አላስታውሰውም» አለችኝ፤ «ግን ጽፌዋለሁ። ያነበብኩትን ሁሉ ጽፌበታለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፗን ይዛ ከመኖሪያችን በታች ወዳለው ሱቄ ትወርድ ጀመር። ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ መቀስና ጠመኔዬን ገፋ አድርጋ ትቀመጣለች። እኔ የስፌት መኪናዬን እረግጣለሁ፣ እሷ የራሷን ማስታወሻ ታነባለች።

«ይቺ ሴትዮ ጎበዝ ናት» ትላለች ስለ ራሷ።

ቆየት ብላ ደግሞ፣ «እዚህ ላይ እንኳ ተሳስታለች» ትላለች።

አንድ ቀን፣ «'ገበር የለውም' ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ምኑ?»

«እዚህ ጽሑፍ ላይ መለያ አድርጌ ለጥፌዋለሁ። ይኸው 'ልኩ የሌላ ሰው ነው' የሚልም አለ። 'ተፈትቶ ይሰፋ።' ሌሎቹ 'ሸክላ'፣ 'የአጥንት ከሰል' እያሉ እንደ ሰው ለጥፈዋል። እኔ ምን ነክቶኝ ነው?»

መኪናዬን አቁሜ ሳቅኩ፤ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ማታ ማታ እራት ላይ ስለ ደንበኞቼና ስለ ሌሎች ሰፊዎች የማጉረመርመውን ቃል በቃል ለቅማ ወስዳ የሳይንቲስቶች ጽሑፍ ግንባር ላይ ለጥፋዋለች! ገበር የሌለው ኮት ማለት ፊቱ ያማረ፣ ውስጡ ሲታይ ግን ምንም ያልያዘ ነው አልኳት። ጽሑፉን መለስ ብላ አየችው። «እውነትም» አለች፤ «ወሬው ብዙ ነው፣ መለኪያው የለም።» እንዲህ እየጠየቀችኝ፣ እኔም እየፈታሁላት፣ ከቀን ወደ ቀን ፊቷ እየበራ ሄደ። የተበሳው ጨርቅ ክር በክር ሲገጥም በዓይኔ አየሁ።

አሁን ስለ ጠቅታ ልንገራችሁ። ጠቅታ የላቦራቶሪው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ቁልፍ አይቶ ሳይጫን ማለፍ ስለማይችል ነው እንዲህ ያሉት። ልቡ ንጹሕ፣ ጠረጴዛው ከልቡ የበለጠ ንጹሕ ነው። ዶክተር ልትመለስ ነው ሲባል ሰምቶ ስጦታ ሊያዘጋጅላት አሰበ፤ ቢሮዋ ያለው ኮምፒውተር ሞልቶ መንቀርፈፍ ጀምሮ ነበርና ሊያጸዳላት ቁጭ አለ። ሲከፍተው ያ ሁሉ የተጠራቀመ ጽሑፍ ቦታውን ይዞታል። «መደርደሪያው ኢንተርኔት ላይ አለ አይደል? እዚህ ምን ያደርጋል?» አለና አጠፋው። ፕሮግራሙ ታማኝ አገልጋይ ነው፤ በእሷ ኮምፒውተር ላይ ሲጠፋ ራሷ ያጠፋችው መስሎት ከመደርደሪያውም ከሁሉም ሰው ኮምፒውተርም አጠፋው። እንዲህ ያለ ስህተት ለሚሠራ ሰው ብሎ የተጣለውን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይበት ቅርጫት አለው። ጠቅታ ግን ንጹሕ ሰው ነው ብያችኋለሁ፤ ቅርጫቱንም አራገፈው። አኳላለሁ ብሎ ዓይን አጠፋ ማለት ይኸው ነው።

እኛ ይህን አላወቅንም። ባለቤቴ እንደልማዷ ወርዳ ላፕቶፗን ከፈተች። የአንድ ደንበኛ ሱሪ ጫፍ በመርፌ እየጠቀምኩ ነበር። ቀና ብዬ አየሁ። የላፕቶፑ ማያ ነጭ ነው፤ ከጽሑፎቹ አንድም የለም። ጣቷን ማያው ላይ አድርጋ፣ በጣም በቀስታ፣

«እዚህ የሆነ ነገር ነበር አይደል?» አለችኝ። «ወይስ እኔ ነኝ?»

ከሕመሟ ሁሉ ያች ጥያቄ ባሰችብኝ። ነበር ብዬ ማልኩላት፤ «አብረን ነው ያነበብነው፣ ገበር የለውም ስንል ነበር» አልኳት። አላመነችኝም። ልጃችን ከትምህርት ቤት መጥታ «ነበር እማዬ፣ እኔም አይቻለሁ» እስክትላት ድረስ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ይዛ ቁጭ አለች።

ቁልፍ የነካው ማን እንደሆነ መገመት አላቃተኝም፤ ደሜ ፈላ። ላቦራቶሪው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው፤ መቀሴን እንኳ ከእጄ ሳላስቀምጥ ሄድኩ። ውሃ የሞሉ፣ ወረቀት የተለጠፈባቸው ጠርሙሶች በተደረደሩበት ኮሪደር አልፌ ጠቅታን ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት። አንገቱን ልይዘው ስል ኮሌታው ታየኝ፤ ሲያልቅበት ገልብጬ የሰፋሁለት እኔው ነኝ። የራሴን ስፌት ልቀድ? ዓይኑ ደግሞ በርበሬ መስሏል።

«ጋሼ፣ ምታኝ» አለኝ። «እኔ ነኝ። ደስ እንዲላት ብዬ ነው። ምታኝና ይውጣልህ።»

ምታኝ የሚልን ሰው ማን ይመታል? ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የፕሮግራሙን ሰዎች ለምኗል፤ ቅርጫቱ ከተራገፈ ምንም ማድረግ አንችልም ብለውታል። ጽሑፎቹ እንደገና ተፈልገው ይገኛሉ፤ የሌሎች ሰዎች ናቸውና ባሉበት አሉ። የማይገኘው የእሷ ማስታወሻ ነው። እሱ ያለው እዚያ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ጭንቅላቷ ውስጥ።

ቤት ስመለስ ባለቤቴ መብራት ሳታበራ ተቀምጣለች። «ለኃላፊው ንገርልኝ» አለችኝ፤ «ለሌላ ሰው ይስጡት።» ነገር የምትዘጋ ሴት ብያችሁ የለ? እንዲህ ስትዘጋ ግን አይቻት አላውቅም። አልነግርም አልኩ። ምን ብዬ እንደምጠብቅ ባላውቅም አልነግርም አልኩ።

ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። ስብሰባው እየተቃረበ ሳለ ጠቅታ ላፕቶፑን ታቅፎ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሱቄ ገባ። ባለቤቴም እዚያው ነበረች፤ ላፕቶፗን ትታ አዝራር ስትለይልኝ ነው። ጠቅታ ለላቦራቶሪው የተላከ አንድ መልእክት አነበበልን።

«ጤና ይስጥልኝ። መደርደሪያችሁ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ዶክተሯም ለጥያቄዎቼ ብዙ ጊዜ አልመለሱልኝም፤ ሳላውቅ አስቀይሜያቸው ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እዚህ ትምህርት ቤት ኔትወርክ ስለማይጸና ተማሪዎቼ እንዲያነቡት ብዬ መደርደሪያውን ከነማስታወሻው በየጊዜው እየገለበጥኩ እኔ ጋ አስቀምጬዋለሁ። ሥራው የእናንተ ስለሆነ ሳላስፈቅድ ማቆየቱ ከበደኝ። የእኔንም ቅጂ ላጥፋው?»

ከታች የሚኖርበት ከተማ ስም አለ፤ ከመኪና መንገዱ ማብቂያ የሚርቅ የጠረፍ ከተማ ነው። ሥራው የኬሚስትሪ መምህር ይላል።

«አታጥፋ በለው! አታጥፋ በለው!» ብዬ ጮህኩ፤ መንገደኛ እስኪዞር ድረስ። ጠቅታ ጻፈ። ከዚያም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ደግሞ ደጋግሞ አነበበው።

ኔትወርኩ በጠረፉ በኩል ሲመጣና ሲሄድ ሁለት ቀን ፈጀ እንጂ መደርደሪያው ተመለሰ። ጽሑፉ፣ መለያው፣ ማስታወሻው፣ «ገበር የለውም»ም «ተፈትቶ ይሰፋ»ም ሁሉም ረድፍ ረድፉን እየያዘ ማያው ላይ ወረደ። ባለቤቴ አፏን በእጇ ይዛ ታያለች። ጠቅታ በደስታ ሊያቅፈኝ ብሎ ደረቴ ላይ ባለው መርፌ መሰኪያ ተወጋ። የእጁን አገኘ ብዬ ደስ አለኝ፣ ከዚያ ወዲያ ቂሜ አለቀ።

ግን ሌላም ነገር አብሮ መጣ። በየጽሑፉ ሥር፣ ባለቤቴ ከሕመሟ ወዲህ ከፍታ ያላየችው ገጽ ላይ፣ ሰውየውና እሷ የተጻጻፉት ነበር። ልጃችን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብልን ጀመር። «ትናንት የጻፉልኝ ደስ ሲያሰኘኝ አደረ» ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ፣ «መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ።»

«ቆይ» አልኩ፣ «ማነው ይሄ ደስ ሲለው የሚያድረው?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ?» አለች ባለቤቴ። «እኔማ አላውቀውም!»

እንግዲህ ይታያችሁ፤ ሚስቴ ከማታውቀው ሰው ጋር ለዓመታት ስትጻጻፍ ኖራለች፣ ብጠይቃት የምትመልሰው የላትም፣ ብቆጣ ደግሞ ያተረፈልንን ሰው ነው የምቆጣው። ልጄ አፏን ሸፍና ትስቅብኛለች። የዚህ ሰው ፊት ይታይ አልኩ።

በማግስቱ ጠቅታ በቪዲዮ አገናኘን። ማያው ላይ የመጡት ክንዱ በክር የታሰረ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ከኋላቸው ጥቁር ሰሌዳ፣ በሰሌዳው ሥር የተደረደሩ ባልዲዎች ይታያሉ። ባለቤቴን ሲያዩ ፊታቸው በሙሉ ፈገግ አለ፤ ጥርሳቸው ከዳር እስከ ዳር የበለዘ ነው። ቅናቴ የት እንደገባ አላውቅም። እኒህ ሰው ያንን ውሃ ጠጥተው ያደጉ ናቸው።

«ዶክተር! በሕይወት አሉ!» አሉ።

ባለቤቴ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎን አላስታውስዎትም» አለች።

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። «ምንም አይደል» አሉ። «እኔ አስታውስዎታለሁ፤ ለሁለታችን ይበቃል።»

ከዚያ ነገሯት። ማስታወሻዋን እያነበቡ ከተማሪዎቻቸው ጋር በባልዲ ማጣሪያ ሠርተዋል። ሲበላሽባቸው ጽፈውላታል፤ እሷም የቱ ጋ እንደተበላሸ መልሳላቸዋለች። ፍሎራይዱን የሚያስቀረውን የአጥንት ከሰል አደቃቀቅ፣ የውሃውን ፍጥነት፣ ምን ተሞክሮ ምን እንደከሸፈ፣ ለምን እንደከሸፈ አንድ በአንድ ያውቁታል። ባለቤቴ መጀመሪያ ማስታወሻ እየያዘች ትሰማ ነበር። ቆይታ፣ «እሱማ ከሰሉ ከመጠን በላይ ስለተቃጠለ ነው» ብላ አቋረጠቻቸው።

«አዎ!» አሉ መምህሩ። «ልክ ያኔም ያሉኝ ይህንኑ ነው!»

ተያየን። ይህንን ከማስታወሻ አላነበበችውም።

እኔ ምስጋና በአፍ አልችልበትም፤ እጄ ነው የሚችለው። ላፕቶፑ ፊት ብቅ ብዬ፣ «መምህር፣ እባክዎን አንድ ተማሪ ጠርተው ትከሻዎንና የእጅዎን ርዝመት በሜትር ያስለኩልኝ፤ ኮት እሰፋልዎታለሁ» አልኩ።

አተኩረው አዩኝ። «እርስዎ ልብስ ሰፊው ነዎት?»

«እንዴት አወቁኝ?»

«ስለ መለያዎቹ ግራ ቢገባኝ ዶክተሯን ጠይቄያቸው ጽፈውልኛል። 'ገበር የለውም' ካለበት ከመጀመሪያው ጽሑፍ ሥር ፈልጉት» አሉ።

ልጃችን ፈልጋ አወጣችው። ባለቤቴ ማያውን ወደ ራሷ አዙራ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው።

«መምህር፣ መለያዎቼን ከባለቤቴ ነው የሰረቅኋቸው። እሱ ልብስ ሰፊ ነው። ኮት ሲያመጡለት ፊቱን አያይም፤ ገልብጦ ገበሩን ነው የሚያየው። 'በፊት በኩልማ ሁሉም ያምራል፣ ሰፊ የሚታወቀው ማንም አያየኝም ባለበት በኩል ነው' ይላል። ብዙ ትልልቅ አስተማሪዎች ነበሩኝ። ማንበብ ያስተማረኝ ግን እሱ ነው። ይህን አልነገርኩትም፤ ብነግረው ይኮራል፤ ከኩራቱ ብዛት በሱቁ በር አያልፍም።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ስንት ዓመት አብሬያት በልቼ፣ የማጉረመርመው ግድግዳ ሰምቶት የቀረ ይመስለኝ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ጠመኔ መፈለግ ጀመርኩ፤ ጠመኔው እጄ ላይ ነበር።

ባለቤቴ ጽሑፉን ደግማ በልቧ አነበበችው። «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ?» አለች።

«አንቺ ነሽ፣ እማዬ» አለች ልጃችን።

ስብሰባው ላይ እኔንም አስገቡኝ፤ ከኋላ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ መደርደሪያውን ግድግዳው ላይ አስከፈተችና ቆመች። «ይህን ሁሉ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ግማሹን የረሳሁትም እኔ ነኝ» አለች። «ስለዚህ የማላስታውሰውን ሳስታውስ መስዬ አልቆምም፤ አብረን እናየዋለን።» ከዚያ አንዱን እያነሳች፣ ሌላውን እየጣለች፣ ለምን እንደጣለች እየገለበጠች አሳየች። መምህሩ በማያው በኩል ነበሩ። ተማሪዎቻቸው ካጣሩት ውሃ በብርጭቆ ቀድተው፣ ለተሰብሳቢዎቹ ከፍ አድርገው አሳይተው ጠጡ። ኃላፊው ከረባቱን ላላ አድርጎ፣ «ሌላ ሰው መፈለግ የለብንም፤ ዶክተር ይመሩታል» አለ። ጠቅታ ከሁሉ ቀድሞ አጨበጨበ።

የመምህሩን ኮት ጨርሼ ልኬላቸዋለሁ። ገበሩን ከፊቱ የበለጠ አሳምሬ ሰፋሁት፤ ገልብጠው እንደሚያዩት አውቃለሁ። ጠቅታ ደግሞ አሁን መደርደሪያውን ሦስት ቦታ ያስቀምጠዋል፣ አንዱን በትንሽ ፍላሽ ቀድቶ እኔ ጋ፤ መሳቢያዬ ውስጥ ከአዝራሮቹ ጋር ነው።

ባለቤቴ ዛሬም ከሰዓት በኋላ ትወርዳለች። ትናንት ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሆነ ነገር ጽፋ ስትስቅ ያዝኳትና ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ማያውን ወደ እኔ አዞረችው። ለመምህሩ ስለ እኔ ከጻፈችው ሥር አዲስ ማስታወሻ ጨምራለች።

«ነግሬዋለሁ። እንደፈራሁት ኮርቷል።»